የአንድ ወረቀት ዋጋ፦ የድሮ ፊልም ፖስተርና የጨረታ ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጥቅምት 2018 ሶዝቢስ የተባለው ስመ ጥር አጫራች ድርጅት አንድ ወረቀት ለሽያጭ አቀረበ። ወረቀቱ በ1932 ዩኒቨርሳል የሠራው፣ ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበት “ዘ ማሚ” የተሰኘ ፊልም ማስታወቂያ ነው። የተገመተለት ዋጋ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጨረታው ሳይዘጋ ጋዜጦቹ “በዓለም ውዱ የፊልም ፖስተር ሊሆን ነው” እያሉ ጻፉ። ቀኑ ደረሰ፣ ጨረታው ተዘጋ። ወረቀቱ ሳይሸጥ ቀረ።

ልብ በሉ፣ የዚሁ ፊልም ፖስተር በ1997 እዚያው ሶዝቢስ ቤት፣ ኒው ዮርክ ላይ፣ 453,500 ዶላር አውጥቶ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሦስት ነው የሚባለው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ቅጂው አልበዛ፣ ፊልሙ አልተረሳ። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ሚሊዮን ዶላሩን ሳያወጣ የቀረው ለምንድነው?

ይህን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቅርቡ መልእክት ላከችልኝ። “ቲቸር፣ የሻፍት ኢን አፍሪካ ፖስተር ኦንላይን ጨረታ ላይ ወጥቷል። አባዬ በወጣትነቱ ስላየው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ለሰባኛ ዓመቱ ልሰጠው ፈልጌያለሁ። ግን ስንት ልበል?” ልጅቷ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል እንጂ ታላላቅ ነጋዴዎችንና ባንክ ያሰከራቸውን ባለሀብቶች ሁሉ ያሳሳተ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምጽፍ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። የፊልም ፖስተር ሲወለድ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። በ1896 ማርሴሊን ኦዞል የተባለ ፈረንሳዊ ለሉሚየር ወንድማማቾች ማስታወቂያ ሲስል፣ ተመልካቾች ተቀምጠው በአትክልተኛው ላይ ውኃ ሲረጭ እያዩ የሚስቁበትን ሥዕል ሠራ። የፊልሙን ትዕይንት ራሱን ያሳየ የመጀመሪያው ፖስተር እሱ ነው ይባላል። ሥራው መንገደኛውን ማስቆምና ትኬት ማስቆረጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ይቀደድ፣ ይጣል፣ ማንም ግድ የለውም።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ነገሩን በልክ በልክ አደራጁት። ዋናው “ዋን ሺት” የሚባለው 27 በ41 ኢንች ነው። በመተላለፊያው ላይ የሚሰቀሉት ሎቢ ካርዶች 11 በ14 ኢንች ሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት እየሆኑ ይታተማሉ። ቀጭኑ ኢንሰርት 14 በ36፣ ሃፍ ሺት 22 በ28፤ ትልልቆቹ ሦስት ሉህና ስድስት ሉህ እያሉ እስከ መንገድ ዳር ሰሌዳ፣ እስከ ሃያ አራት ሉህ ይደርሳሉ። ሲኒማ ቤቱ ፖስተሩን ከፊልሙ ጋር ይከራየው ነበር እንጂ የራሱ አልነበረም። ሳምንቱ ሲያልቅ ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ ወደሚቀጥለው ከተማ ይልከዋል፣ ወይ የአዲሱን ፊልም ፖስተር በላዩ ላይ ይለጥፍበታል። ከ1940 አካባቢ ጀምሮ የስቱዲዮዎቹን የማሰራጨት ሥራ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ድርጅት ጠቅልሎ ያዘው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ “ለጦርነቱ ወረቀት አምጡ” ተብሎ ዘመቻ ሲደረግ፣ በየመጋዘኑ የተከመረው ፖስተር ተለቅሞ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሄደ።

ብርቅ የሆነው እንግዲህ እንዲህ ነው። ጥቂት ስለታተመ ሳይሆን የታተመው ስለጠፋ ነው። የተረፈውም በስስት የተጠበቀ አይደለም፤ የተረሳ ነው። ግድግዳ ውስጥ ብርድ እንዲከላከል የተጠቀጠቀ፣ ወለል ንጣፍ ሥር የተነጠፈ፣ ቆጥ ላይ የተወረወረ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በርዊክ በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ፣ ከአንድ ቤት ቆጥ ላይ የወጣ ወፍራም የወረቀት ክምር በአገር ቤት ጨረታ ላይ ወደ 30,000 ዶላር ተሸጠ። ክምሩ በ1930ና 31 አካባቢ ሳምንት በሳምንት አንዱ ባንዱ ላይ በግድግዳ ወረቀት ሙጫ የተለጠፉ ፖስተሮች ነበሩ። ባለሙያዎች በእርጥበትና በትዕግሥት አንድ በአንድ አላቀቋቸው፤ 33 ፖስተር ወጣ። በመጋቢት 2012 ዳላስ በሚገኘው በሄሪቴጅ ጨረታ ሲሸጡ በድምሩ 503,035 ዶላር አወጡ። ከመካከላቸው የ1931ዱ “ድራኩላ” ብቻውን 143,400 ዶላር ደረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ “ብርቅ ነገር ውድ ነው” የሚል ነው። አይደለም። ከዚያው ዘመን የቀሩ፣ በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ፖስተሮች ጥቂት መቶ ዶላር እንኳ የማያወጡ ሞልተዋል፤ ፊልሙን የሚያስታውሰው፣ ተዋናዩን የሚያውቀው ሰው የለማ! ብርቅነት በሩን ይከፍታል እንጂ ገንዘብ አያወጣም። ገንዘብ የሚያወጣው ትዝታ ነው።

ይህን በማስረጃ ላሳያችሁ። ለምን ድራኩላ? ለምን ማሚ? ለምን ፍራንከንስታይን? ዩኒቨርሳል እነዚህን ፊልሞች የሠራው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ለሃያ ምናምን ዓመት ያህል የድሮ ፊልም ሆነው ተቀመጡ። በ1957 ግን የቆዩት አስፈሪ ፊልሞች “ሾክ” በሚል ስም ተጠቅልለው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ። በዓመቱ፣ በ1958፣ ስለ ጭራቅ ፊልሞች ብቻ የሚያወራ የልጆች መጽሔት ወጣ። የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀው ቤላ ሉጎሲን አዩ፣ ፈሩ፣ ወደዱ። አሁን አስሉት። በ1957 አሥር ዓመት የሆነው ልጅ በ1990 አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሥራ ይዟል፣ ቤት ሠርቷል፣ ኪሱ ሞልቷል፤ የልጅነቱን ፍርሃት ግድግዳው ላይ መስቀል ይፈልጋል።

ገበያው ምን አደረገ? በ1990 ክሪስቲስ ኒው ዮርክ ላይ ለፊልም ፖስተር ብቻ የተለየ ጨረታ አካሄደ። በ1993 የፍራንከንስታይን ፖስተር 198,000 ዶላር ተሸጠ። በ1997 ማሚ 453,500። በ2014 “ለንደን አፍተር ሚድናይት” የተባለው የ1927 የሎን ቼኒ ፊልም ፖስተር 478,000። ይኼኛው ደግሞ የሚገርም ነው፤ ፊልሙ ራሱ የለም። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በኤምጂኤም መጋዘን ቃጠሎ ወድሟል። ማስታወቂያው ያስተዋወቀውን ነገር ቀብሮ ቀረ ማለት ነው። በሐምሌ 2017 ሉዊጂ ማርቲናቲ የሳለው የጣልያንኛው “ካዛብላንካ” በትክክል ያንኑ 478,000 አወጣ፤ በኅዳር ደግሞ የድራኩላ ፖስተር 525,800 ደርሶ የሁሉንም የጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዓመት ሳይሞላ ማሚ በሚሊዮን ቀረበ፤ ወደቀ።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። የ1997ቱን 453,500 ዶላር በአሜሪካ የዋጋ ንረት ብናሰላው በ2018 ከ700,000 በላይ ነው። ስለዚህ ሻጩ የጠየቀው ሚሊዮን በጣም የራቀ አልነበረም። ቢሸጥ እንኳ ከ453,500 ወደ 1 ሚሊዮን በሃያ አንድ ዓመት ማደግ በዓመት 4 በመቶ አይሞላም። ኢንሹራንሱን፣ ማስቀመጫውን፣ የሽያጭ ወጪውን ቀንሱበት፤ “ኢንቨስትመንት” የሚለው ቃል ይሟሽሻል። ዋናው ግን ይህ ነው፦ የ1957ቱ ልጅ በ2018 ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው መሰብሰብ ትቶ ለልጆቹ ማከፋፈል ይጀምራል። እንደ እሱ የሚያስታውስ፣ እንደ እሱ የሚከፍል ሰው ቁጥሩ ቀንሷል። ከኋላ የመጣው ትውልድ ገንዘብ አለው፤ የእሱ ትዝታ ግን ስታር ዋርስ ነው።

ወደ ጨረታው ውስጥ እንግባ። ጨረታ ላይ ዋጋ የሚወስነው ማነው? አብዛኛው ሰው “አሸናፊው” ይላል። አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። አንደኛው አንድ ሚሊዮን ሊከፍል ቢዘጋጅም፣ ሁለተኛው 200,000 ላይ ካቆመ፣ አንደኛው ከ200,000 ትንሽ ከፍ አድርጎ ይወስደዋል። ዊልያም ቪክሪ የተባለው ምሁር በ1961 ይህን ነገር በሒሳብ አፍታቶ ጽፎት በኋላ፣ በ1996፣ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ነገሩ ግን ገበያ ለሚያውቅ እናት አዲስ አይደለም። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሴቶች ሲሻሙ ዋጋው ምን እንደሚሆን ማን ይነግራታል?

ከዚህ የሚመጣ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በመጋቢት 2009 የድራኩላ ፖስተር በሄሪቴጅ 310,700 ዶላር ተሸጠ፤ ባለቤቱ ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የበርዊኩ ድራኩላ 143,400 ወጣለት፤ ከግማሽ በታች። ልዩነቱ አንድም ይዞታ ነው፣ የበርዊኩ ከሙጫ የወጣ ነውና። አንድም ዝነኛ ሰው እጅ ውስጥ መቆየቱ። ሌላም አለ፦ አጥብቆ የፈለገው ሰው አንዴ ካገኘ ለሁለተኛው አይመጣም። የጨረታው አንደኛ ሲወጣ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፣ ሦስተኛው ሁለተኛ፤ ዋጋው በአንድ ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ “ባለፈው በዚህ ዋጋ ተሸጧል” ማለት “ዛሬም በዚህ ይሸጣል” ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። ኢኮኖሚስቶች “የአሸናፊው እርግማን” ይሉታል። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ በጨረታ የሚያሸንፉ ኩባንያዎች ደጋግመው የጠበቁትን ትርፍ ሲያጡ አዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቦታውን ዋጋ ማንም በትክክል አያውቅም፤ ሁሉም ይገምታል። የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው። ከሁሉ አብልጦ የገመተ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ሰው ነው።

በ1983 ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ቦስተን ውስጥ በተማሪዎች ላይ ሞከሩት። 8 ዶላር የሚያወጡ ሳንቲሞችና ቁሳቁሶች የያዙ ማሰሮዎችን ለጨረታ አቀረቡ። ተማሪዎቹ በአማካይ የገመቱት 5.13 ዶላር ነበር፤ ማለትም በጥቅሉ ጠንቃቆች ነበሩ። አሸናፊዎቹ ግን በአማካይ 10.01 ዶላር ከፈሉ። አያችሁ? ክፍሉ በሙሉ አሳንሶ እየገመተ እንኳ አሸናፊው ይከስራል። በዚህ ላይ የሐበሻ እልህ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? የጨረታ አዳራሽ (ዛሬ ደግሞ ስልክህ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ) ምላጩን በሳህን አድርጎ ነው የሚያቀርብልህ።

ስለ ሜትሮፖሊስ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጥር 1927 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም ነው። ሃይንዝ ሹልዝ ኖይዳም የሳለው ባለ ሦስት ሉሁ ፖስተር አራት ቅጂ ብቻ እንደቀረው ይታወቃል፤ አንዱ ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በ2005 አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ አንዱን ቅጂ በ690,000 ዶላር ገዛ፤ በጊዜው ለፊልም ፖስተር ተከፍሎ የማያውቅ ገንዘብ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሰውየው ከሰረ። ፖስተሩ በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል ለአበዳሪዎች ክፍያ እንዲውል ወጣ። በታኅሣሥ 2012 ሎስ አንጀለስ ላይ ከሌሎች ፖስተሮች ጋር በአንድ ጥቅል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወረቀቱ ዋጋውን ይዞ ነበር፤ ያልያዘው ሰውየው ነው። የገዛኸው ዕቃ ትክክል ሆኖ አቅምህ ትክክል ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ለተማሪዬ የጻፍኩላትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ፖስተር ባትገዙም ያገለግላችኋል፤ መኪናም ሆነ ያገለገለ ዕቃ በጨረታ የምትገዙ ሰዎች አላችሁና።

1ኛ፦ ዕቃው ራሱ እሱ ነው ወይ? ሻፍት ኢን አፍሪካ የ1973 ፊልም ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፖስተሮች ታጥፈው ነበር ወደ ሲኒማ ቤት የሚላኩት፤ ጠቅልሎ መላክ የተለመደው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ እጥፋቱ ጉድለት ሳይሆን የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። እጥፋት የሌለው፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልኩ 24 በ36 ኢንች የሆነ “የ1973 ፖስተር” ካያችሁ ትናንት የታተመ ነው። ከግርጌ በስተቀኝ የናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ቁጥር ይኖራል፤ ከሕዝባር በፊት ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። የ1977ቱ ስታር ዋርስ 77/21 ይላል። ከፊቱ አር የሚል የላቲን ፊደል ካለ ፊልሙ ዳግም ሲታይ የታተመ ነው፤ እሱም እውነተኛ ነው፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ደግሞ ፎርጅድ አለ። በ2009 የዩኒቨርሳል አስፈሪ ፊልሞች ሎቢ ካርዶችና ፖስተሮች በሐሰት እየተሠሩ ለዋና ዋና ሰብሳቢዎች ጭምር ሲሸጡ እንደነበር ተጋልጦ ገበያውን አናውጦት ነበር። ባለሙያን ካታለለ እኔንና አንቺን አያልፈንም።

2ኛ፦ የጠየቁትን ሳይሆን የተከፈለውን እዪ። ኢንተርኔት ላይ ሰው 5,000 ብሎ ሊለጥፍ ይችላል፤ ምኞት አይከለከልም። ትላልቆቹ አጫራቾች ያለፉ ሽያጮቻቸውን መዝገብ ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉ። የዚያኑ ፖስተር፣ የዚያኑ ልክ፣ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ሽያጭ ጻፊ። ከሁሉ የናረውን አውጪው፤ እሱ የሁለት እልኸኞች ቀን ነው። ከሁሉ የወረደውንም አውጪው፤ እሱ ማንም ያላየው ቀን ነው። መካከሉ ላይ ያለው ነው ገበያው።

3ኛ፦ ይዞታውን አስተካክዪ። ዳር ላይ ያለ የመርፌ ቀዳዳ ሌላ፣ የተዋናዩ ፊት ላይ ያለ ቀዳዳ ሌላ። ፀሐይ የበላው ቀለም አይመለስም። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ልኩን ጠይቂ። “በሸራ የተለጠፈ” ካለ ባለሙያ በስንዴ ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት ሸራ ላይ ለጥፎ አድኖታል ማለት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከሸራውና ከቅብ እድሳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ፎቶ ጠይቂ። ብዙ ቀለም ከተቀባበት የምትገዢው የአዳሹን ሥዕል ነው።

4ኛ፦ ኮሚሽኑን ከታች ሳይሆን ከላይ ቀንሺው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ጎደሎ የሚመስሉ ቁጥሮች አስተውላችኋል? 478,000 ማለት መዶሻው 400,000 ላይ አርፎ 19.5 በመቶ ኮሚሽን ሲደመር ነው። 143,400ም 120,000 ከነኮሚሽኑ ነው። አጫራቹ ሲጠራ የምትሰሙት ቁጥር የምትከፍሉት ቁጥር አይደለም። ለምሳሌ አጠቃላይ አቅምሽ 500 ዶላር ነው እንበል። መላኪያው 30፣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን፣ 470ን ለ1.25 አካፍዪ፤ 376 ይመጣል። ጣሪያሽ 376 ነው፣ 500 አይደለም! ፖስተሩ 150 ዶላር እድሳት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ 320ን ለ1.25 አካፍዪ፤ 256። ታክስ ካለ እሱንም ጨምሪበት። ያው ወረቀት፣ ያው ኪስ፤ ሒሳቡን የሠራና ያልሠራ ሰው ግን በመካከላቸው 244 ዶላር ልዩነት አለ።

5ኛ፦ ቁጥሩን ከጨረታው በፊት በወረቀት ጻፊው፤ ለአንድ ለምታምኚው ሰውም ንገሪው። ኦንላይን ከሆነ ጣሪያሽን አስገቢና ስልኩን አስቀምጪ። አሠራሩ ከሁለተኛው በላይ በአንድ እርከን ብቻ ነው የሚያስከፍልሽ። “ሃያ ዶላር ብቻ ልጨምር” የሚለው ሐሳብ ሲመጣ፣ ከወዲያ በኩል ያለውም ሰው ይህንኑ እያሰበ መሆኑን አስቢ።

6ኛ፦ ስንት ቅጂ እንዳለ እወቂ። በ1970ዎቹ የታተመ የትልቅ ስቱዲዮ ፖስተር ማሚ አይደለም። በብዛት ታትሟል፣ ብዙም ተርፏል፤ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ይላል። ዛሬ ያመለጠ ከሦስት ወር በኋላ ይመጣል። “ዛሬ ካልገዛሁ መቼም አላገኘውም” የሚለው ስሜት ልክ የሚሆነው በጥቂት ወረቀቶች ላይ ብቻ ነው፤ ሻጮች ግን በሁሉም ላይ ያስነሱታል።

ይህን ሁሉ ካልኳት በኋላ አንድ ነገር ጨመርኩ። እሷ የምትገዛው ለትርፍ አይደለም። ለአባት የሚሰጥ ነገር መልሶ አይሸጥም። ስለዚህ ገበያው ከሚለው ትንሽ ከፍ ብትል ኃጢአት የለበትም፤ ያ ትርፍ የፍቅር ነው፣ ስሙን አውቃ ትክፈለው። አደጋው ለፍቅር እየከፈሉ “ኢንቨስት እያደረግኩ ነው” ብሎ ራስን መሸንገል ላይ ነው። ያኔ ጣሪያ የሚባል ነገር አይኖርም፤ “ነገ ይጨምራል” የሚል ሰው ዛሬ የፈለገውን ይከፍላልና።

ምን አደረገች? ጣሪያዋን ጻፈች። ጨረታው አለፋት፤ ተወችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ቅጂ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያለበት፣ ከጣሪያዋ በታች አገኘች። አባትየው ሲያዩት መጀመሪያ የነኩት ቀዳዳዎቹን ነው አለችኝ። “ይሄ እኮ ተሰቅሎ ያውቃል!” አሉ ተብሎ ሳቅኩ። ሰውየው ሳያውቁት ከሁላችን የተሻለ ሰብሳቢ ናቸው።

ፊልሙ ራሱ በታሪክ ዓይን ሲታይ የሚያስገርም ነው። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው፣ ሪቻርድ ራውንድትሪ የተወነበት፣ ታሪኩ ከኢትዮጵያ ወደ ፓሪስ ሰው ስለሚያጓጉዙ የዘመኑ ባሪያ ነጋዴዎች ነው፤ ከፊሉም እዚሁ አገራችን ተቀርጿል። በ1973። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ያ ፖስተር እንግዲህ ለአሜሪካዊ ሰብሳቢ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የሻፍት ፊልሞች የመጨረሻው ነው፣ ለእኛ ግን ከአብዮቱ ዋዜማ የቀረ አንድ ወረቀት ነው። አንዱ ወረቀት ሁለት ዋጋ አለው ማለት ይህ ነው። ገበያው የፈረንጁን ትዝታ ነው የሚመዝነው፤ የእኛን የሚመዝን ሚዛን ገና አልተሠራም።

እና ወደምፈልገው ነጥብ መጣሁ። የጋና ሠዓሊዎች በ1980ዎቹና 90ዎቹ ለተንቀሳቃሽ ቪዲዮ ቤቶች በዱቄት ጆንያ ላይ በእጃቸው የሳሏቸው የፊልም ማስታወቂያዎች ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ጋለሪዎች ይሸጣሉ። በጊዜው ዝናብ የሚመታቸው፣ ከመንደር መንደር በመኪና የሚዞሩ ጨርቆች ነበሩ። ያተረፋቸው አስቀድሞ “ይሄ ነገር ይቀመጥ” ያለ ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከአገራቸው ወጥተዋል።

የእኛስ? ሕዝቡ ሲኒማን “ሰይጣን ቤት” ብሎ ከሰየመበት ጊዜ ጀምሮ ስንት ማስታወቂያ ተለጠፈ! ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር፣ ራስ፤ “ሂሩት አባቷ ማን ነው?”፣ “ጉማ”፣ የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”፤ የትያትር ቤቶቻችን በእጅ የተሳሉ ማስታወቂያዎች፤ በኋላም በቪሲዲና በዲጂታል ዘመን የታተሙት የአማርኛ ፊልም ፖስተሮች በየአጥሩ የተለጠፉት። ከመቶው ስንቱ ተርፏል? አሜሪካኖቹ ያጠፉትን ዛሬ በሚሊዮን ይፈልጉታል። እኛ አሁን እያጠፋን ያለነው ደግሞ ነጻ ነው፤ ጨረታም የለበት፣ ኮሚሽንም የለበት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የአባታችሁን ሳጥን፣ የአያታችሁን ቆጥ፣ የድሮ መጻሕፍትን መሸፈኛ ወረቀት ሳይቀር ከመጣላችሁ በፊት ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። የፊልም ወይም የትያትር ማስታወቂያ ካገኛችሁ በስኮች ፕላስተር አትጠግኑት፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፎቶ አንሱና ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስቀመጠው፣ የት ሲኒማ ቤት እንደነበር ከጀርባው ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ታሪኩ የተጻፈለት ወረቀትና ያልተጻፈለት ወረቀት አንድ ዋጋ የላቸውም፤ ይህን ደግሞ ገበያውም ያውቃል።

ካላችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። የሚገዛ ሰው አልፈልግላችሁም፤ አብረን እንድናየው ነው።

መልካም ሰንበት።